እስከ መጨረሻዋ መስመር ያነበቡት መምህርት

ዛሬ ልንሰናበታቸው የቆምንላቸው እትዬ የተወለዱት ሐምሌ ስምንት ቀን ማለዳ ላይ ነው። አባታቸው የሱቅ፣ የመድኃኒት ቤትና የጋራዥ ስም በቀለም የሚጽፉ ሰሌዳ ጸሐፊ፣ እናታቸው የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበሩ። ቤቱ ሁለት ክፍል ሲሆን በአንደኛው ቤተሰቡ ይተኛል፤ በሌላው ቀለማቸው ያልደረቀ ሰሌዳዎች ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። እትዬ ፊደል የለዩት ከእነዚያ ሰሌዳዎች ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡትም ቃል «እማማ» ሳይሆን «ጎማ ይጠገናል» ነበር እየተባለ በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይሳቃል።

«እትዬ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው አምስት ዓመት የሚያንሳቸው ብቸኛ ወንድማቸው ነው። ልጁ አፉን ሲፈታ የጠራበት ስም ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሰዎች ሳይቀሩ «እትዬ» ይሏቸው ጀመር።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። እትዬ ፈሪ ነበሩ። ይህን መናገር እሳቸውን ማሳነስ አይደለም፤ ራሳቸውም አይክዱትም ነበር። ነጎድጓድ ሲሰሙ አልጋ ሥር ይገባሉ፤ ውሻ ካዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ መምህር ስማቸውን ሲጠራ ከጎናቸው የተቀመጠውን ልጅ እጅ ይይዛሉ። አባታቸው «የኔ ልጅ የገዛ ጥላዋን ብትረግጥ ይቅርታ ትጠይቃለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ታናሽ ወንድማቸውም፣ ይቅር ይባልና፣ ከበር ጀርባ ተደብቆ እያስደነገጠ ስንት ብርጭቆ አሰብሯቸዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ከተከታተሉ በኋላ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። እንዲያ ፈሪ ሆነው ለምን መምህርነትን እንደ መረጡ የጠየቃቸው ሰው ብዙ ነው። «ክፍል ውስጥ ከመፍራት መፈራት ይሻላል ብዬ ነበር፤ ግን ተሳሳትኩ፤ መምህርም ይፈራል» ብለው ይመልሱ ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው ቁልቁለት ላይ በተሠራ ሰፈር ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል የቋንቋ መምህርት ሆነው ተመደቡ። በአንድ ክፍል ስድሳ ሁለት ተማሪ ነበራቸው። በየሁለት ሳምንቱ ድርሰት ያጽፋሉ፤ ስድሳ ሁለቱን ደብተር በሁለት ዘንቢል ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ይመልሳሉ። ተማሪዎቻቸው ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ አያውቁም ነበርና ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል «አራት ነጥብ!» ሆነ። ልጆቹም ሲያዩዋቸው «አራት ነጥብ መጣች» እያሉ መንሾካሾክ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ቅጽሉን ወደውት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናብ በበረታበት ሰሞን፣ «ሰፈሬ» በሚል ርዕስ ድርሰት አጻፉ። በሦስተኛው ረድፍ መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ፣ ካልተጠየቀች የማትናገር አንዲት ልጅ የሚከተለውን ጻፈች፦ «ከቤታችን ጀርባ ትልቅ የድንጋይ ግንብ አለ ዝናብ ሲዘንብ ግንቡ ይናገራል አልጋዬ እሱ ጋ ስለሆነ እሰማዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ስንጥቁ ጣቴን ያስገባ ነበር አሁን እጄን ያስገባል አባቴ ግንብ አይናገርም ይላል።»

እትዬ ከኅዳጉ ላይ «‹ግንቡ ይናገራል› ግሩም አገላለጽ ነው! አራት ነጥብ አትርሺ» ብለው ጻፉ። ከሃያ አሥራ ሰባት ሰጧት። ከክፍሉ ትልቁ ውጤት ነበር። ደብተሩን ሐሙስ ቀን መለሱላት፤ ልጅቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አሳየቻቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግንቡ ፈረሰ። ልጅቷ ጉንፋን ይዟት አልጋዋ ላይ ተኝታ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ መምህራኑን ሰብስበው መርዶውን ሲናገሩ እትዬ «የትኛዋ?» ብለው ጠየቁ። የትኛዋ እንደሆነች ግን አውቀዋል። እጃቸው የዚያን ቀን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እድሜ ልካቸውንም ሙሉ በሙሉ አልተዋቸውም። በሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ጠመኔያቸው መስመር የሚስተው በዕድሜ ይመስላችሁ የነበራችሁ ተማሪዎቻቸው፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከሳምንት በኋላ የሟቿ እናት ትምህርት ቤት መጡ። ከጭቃው ውስጥ የወጣ፣ ጠርዙ ደርቆ የተጣመመ ደብተር በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል።

«ቲቸር» አሉ፣ «እኔ ማንበብ አልችልም። መጨረሻ የጻፈችው ይሄ ነው አሉኝ። ምን ብላ ነው?»

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም። እትዬ ደብተሩን ከፈቱ። ቀዩ ጽሑፋቸው በውኃ ተስፋፍቶ ገጹን አቅልቶታል። ዓይናቸው ገጹ ላይ ነበር፤ አፋቸው ግን ሌላ አነበበ።

«ሰፈሬን እወዳለሁ ነው የምትለው። ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው። እናቴን ከሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ።»

ሴትየዋ ደብተሩን ተቀብለው ሳሙት፣ አመስግነው ሄዱ። እትዬም የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደወል እስኪደወል እዚያው ቁጭ ብለው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ፍርሃት ይዘው ኖሩ። አንደኛው፣ ያችን ገጽ አንድ ቀን አንድ ሰው ለእናትየው በትክክል ያነብላቸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው የየዕለት ነበር፤ ያልተገለጠ ደብተር ፈሩ። ዘንቢሉን ከጠረጴዛ ሥር አስቀምጠው ዙሪያውን ሲዞሩ፣ ቤት ሲጠርጉ፣ የታጠበ ልብስ መልሰው ሲያጥቡ ወንድማቸው ያያል። «እትዬ፣ ደብተር እኮ አይናከስም» ሲላቸው «አንተ ምን ታውቃለህ፤ ይናከሳል» ይሉት ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ለብዙ ዓመታት ለማንም አልተናገሩም። በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ጠይቀው ከሰፈሩ ወጡ። ቅጽላቸው ግን ተከትሏቸው ሄደ፤ «አራት ነጥብ» በተባሉ ቁጥር ፊታቸው ለምን እንደሚለዋወጥ የሚያውቅ አልነበረም።

በአዲሱ ትምህርት ቤት የእርማት ዘዴያቸውን ለወጡ። እያንዳንዱን ድርሰት ሁለት ጊዜ ያነቡ ነበር። በመጀመሪያው ንባብ ቀዩ እስክሪብቶ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል፤ የሚነበበው ልጁ ምን እንዳለ ብቻ ነው። ፊደሉ፣ ሥርዓተ ነጥቡ፣ የአንቀጹ አከፋፈል የሚታየው በሁለተኛው ነው። አንድ ድርሰት ካሳሰባቸው ልጁን ለብቻው ጠርተው «ይሄ እውነት ነው ወይስ ድርሰት?» ይሉታል፤ ድርሰት ከሆነም እንዲህ ስላስፈራቸው ማርክ ይጨምሩለታል። በዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተስቆባቸዋል። አንድ ተማሪ አንበሳ እንደ በላው ጽፎ፣ ሲጠየቅ «እውነት ነው» ብሎ ድርቅ ብሎ ነበር። ግን በዚሁ ጥያቄ አንዲት ልጅ ከክፉ የእንጀራ አባት እጅ ወጥታለች፤ ዓይኑ ቀስ በቀስ እየጠፋ መሆኑን ለቤተሰቡ የደበቀ ልጅም በጊዜ ሐኪም ዘንድ ደርሷል። ባልደረቦቻቸው «መርማሪ ፖሊስ» ይሏቸው ነበር። እሳቸው «መርማሪማ ደፋር ነው፤ እኔ ስለምፈራ ነው የምጠይቀው» ይላሉ።

በሃያ ሰባት ዓመታቸው ከአውቶቡስ መካኒኩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ለሠርጉ እንግዶች በሰጡት ቃል «ደብዳቤ ልጽፍላት አስቤ ነበር፤ ብወድቅና ብደግምስ ብዬ እኅቴን ላክሁባት» ብለው ጉባኤውን አስቀዋል። በትዳራቸው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ታላቋ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድርሰት በጻፈች ቀን እትዬ ምግብ አልበላ ብሏቸው ውለዋል።

በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ለአገር አቀፉ መልቀቂያ ፈተና የድርሰት አራሚ ሆነው ተመረጡ። እርማቱ የሚካሄደው በአንድ ኮሌጅ የስፖርት አዳራሽ ሲሆን አርባ አራሚዎች በአራት ረድፍ ይቀመጣሉ። ወረቀቶቹ ስም የላቸውም፤ መለያ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። መመሪያው ለይዘት አሥር፣ ለአደረጃጀት አሥር፣ ለቋንቋ አሥር ይላል። ለአንድ ወረቀት የተፈቀደው አራት ደቂቃ ነው። ከርዕስ የወጣ ድርሰት ለይዘቱ ዜሮ ያገኛል፤ መውጣቱ ከታወቀም አራሚው ንባቡን እንዲያቆም ይፈቀዳል። ዋና አራሚው ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው የለሰለሰ አዛውንት ነበሩ። በየሰዓቱ ትንሽ ደወል ያቃጭላሉ።

ርዕሱ «የኤሌክትሪክ ጥቅም» ነበር። በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እትዬ አንድ ወረቀት አነሡ። የመጀመሪያው አንቀጽ ሁሉም እንደጻፈው ነው፤ ኤሌክትሪክ ያበራል፣ ያሞቃል፣ ወፍጮ ያስፈጫል። ሁለተኛው አንቀጽም እንደዚያው። አራት ደቂቃው ሊያልቅ ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ግን እንዲህ ይላል፦

«በእኛ ማደሪያ ያለው ኤሌክትሪክ ግን የእሳት ብልጭታ ይተፋል። ማብሪያ ማጥፊያው ከጠቆረ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ሲነካ ይሸታል። ስድሳ ሦስት ሴት ልጆች ነን። መስኮቶቹ ብረት አላቸው። በሩ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከውጭ በሰንሰለት ይቆለፋል። ቁልፉን የያዘችው ሴትዮ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው። ይህን የሚያነቡ አራሚ፣ ከርዕስ የወጣሁ ይመስልዎታል፤ አልወጣሁም።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ተዘግቷል።

እትዬ ወረቀቱን ይዘው ወደ ዋና አራሚው ሄዱ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ። «ከሠላሳ ሃያ ስድስት አያንሳትም።»

«ጌታዬ፣ እውነት ቢሆንስ?»

«ድርሰት እኮ ነው፣ መምህርት! ልጆች ለማርክ ሲሉ አያታቸውን በየዓመቱ ይገድላሉ። ትናንት ብቻ ሰባት አያት ቀብሬያለሁ።»

«ይሄ ግን ድርሰት አይመስልም።»

«እንግዲያው በማስታወሻ ያዢው፤ እርማቱ ሲያልቅ ሪፖርት እናደርጋለን።»

እርማቱ ሊያልቅ ሰባት ቀን ይቀረዋል። እትዬ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ሦስት ወረቀት አረሙ፤ ምን እንዳረሙ ግን አላዩትም። ኋላ ሲናገሩ «ጆሮዬ ውስጥ ድንጋይ ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር» ብለዋል። ከዚያ ተነሥተው ወደ መዝገብ ክፍሉ ሄዱ። የስም ዝርዝሩ በታሸገ ኤንቨሎፕ ነው የሚቀመጠው፤ ማኅተሙን የቀደደ አራሚ ከሥራው እንደሚነሣ በሩ ላይ ተለጥፏል። መዝገብ ያዡ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። እትዬ ማስጠንቀቂያውን እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ ገቡ፣ ማኅተሙን ቀደዱ፣ የልጅቷን ስምና ትምህርት ቤት ገልብጠው ያዙ። በተቀደደው ኤንቨሎፕ ላይም የራሳቸውን ስም ጽፈው ፈረሙበት።

ከዘበኛው ክፍል ስልክ ደውለው የጭነት መኪና ሹፌር የሆነውን ወንድማቸውን ጠሩ። ወንድምየው ሲደርስ እኅቱን አጥሩን ተደግፈው ሲያስመልሱ አገኛቸው።

«ታመሻል እንዴ እትዬ?»

«አልታመምኩም፤ ፈርቼ ነው። ንዳው።»

መንገዱ አምስት ሰዓት ወሰደ። በመንገድ ላይ ስለ ግንቡና ስለ ደብተሩ፣ ለእናትየውም ስላነበቡት ውሸት፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። ወንድምየው ብዙ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን አንዱም አልመጣለትም።

ማደሪያው ጋ የደረሱት አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ረጅም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነበር። ልጆቹ ገብተዋል። ቁልፍ ያዥዋ ሰንሰለቱን ትከሻዋ ላይ ጥላ ስትመጣ እትዬ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«እናት፣ ዞር በዪ፤ ልዘጋ ነው» አለቻቸው።

«አልነሣም።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

ሴትየዋ ግራ ገባት። «ምን ያስፈራሻል? እኔ አለሁ አይደል?»

«አንቺ ከወንዙ ማዶ ነሽ» አሏት።

ዳይሬክተሩ ተጠርተው መጡ። ማን እንደ ፈቀደላቸው ጠየቁ፤ ማንም አሉ። ማን እንደ ነገራቸው ጠየቁ፤ አልናገርም አሉ። የልጅቷ ስም በቦርሳቸው ውስጥ ነበር፤ ስሟን ካወጡት ቅጣቱ ማን ላይ እንደሚወርድ ያውቃሉና እስከ መጨረሻው አልጠሩትም። ዳይሬክተሩ ሊከሷቸው፣ ሊያስጎትቷቸው፣ ሊያሳስሯቸው ዛቱ። እትዬ «ይክሰሱኝ፤ ሰው የተቀመጠበት በር ግን አይታሰርም» አሉ።

ወንድማቸው አጠገባቸው ተቀምጦ «እትዬ፣ ፖሊስ ቢመጣስ?» ሲላቸው «በምን ዕድሌ! ይምጣልን እንጂ» ብለው መለሱለት። ከኋላቸው ከልጆቹ አንዷ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችባቸው፤ ማን እንደሆነች ዞረው አላዩም። እስኪነጋ ከደፉ አልተነሡም።

በማግስቱ የዳይሬክተሩ አቤቱታ የደረሳቸው የትምህርት ቢሮ ሰዎች ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር መጡ። ሠራተኛው የማብሪያውን ክዳን ፈትቶ ሲያነሣው ክዳኑ እጁ ላይ እንደ ከሰል ተፈረፈረ። ወደ በሩ ዞሮ ሰንሰለቱን አየ። ከዚያ መሣሪያውን መሬት ላይ አስቀምጦ የቤቱን መብራት ከዋናው አጠፋ። ሰንሰለቱ የዚያኑ ቀን ተነሣ፤ ሽቦው በሳምንቱ ተቀየረ። ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

እሳት አልተነሣም። ያልደረሰ አደጋ ደግሞ ምስክር የለውም። እትዬ በፈተና ምስጢር ጥሰት ተከሰው ከአራሚነት ለዘለቄታው ተሰረዙ፤ ለሁለት ዓመትም ከክፍል ታግደው በመጻሕፍት መጋዘን ውስጥ እንዲሠሩ ተደረገ። ይህን ቅጣት አቤት ሳይሉ ተቀበሉ። ያስደነገጣቸው ከክረምቱ አጋማሽ የመጣው ዜና ነው። ማንነቷ ለአራሚ ስለ ተገለጠ የልጅቷ ፈተና በሙሉ ተሰርዟል።

ልጅቷ ክረምቱን ወዳረፈችበት የአክስቷ ቤት የሄዱ ዕለት ከታክሲ ወርደው ተመልሰው ገቡ፤ እንደገናም ወረዱ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፤ ቀጭን፣ እጇ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ።

«ወረቀትሽን ያረምኩት እኔ ነኝ» አሏት። «ያበላሸሁብሽም እኔ ነኝ።»

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ቲቸር፣ ለማርክ አልጻፍኩትም» አለች። «ለዳይሬክተሩ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጽፈናል፤ አላነበበውም። ለአክስቴ የላክሁት ደብዳቤ ሳይወጣ ተቀደደ። የፈተና ወረቀት ግን የሆነ ሰው ግዱን ያነበዋል፤ ሥራው ነው ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው ያነቡታል ብዬ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።»

እትዬ ይህን ሲሰሙ የበሩን መቃን ተደግፈው አለቀሱ። ልጅቷ እንዴት እንደምታጽናናቸው ግራ ገብቷት «ይግቡ፣ እባክዎ ይግቡ» ትል ነበር። በአዲሱ ዓመት ልጅቷ ፈተናውን ደግማ እስክትወስድ ከእትዬ ቤት ተቀመጠች፤ አለፈችም። ተመርቃ ሥራ እስክትይዝ ድረስም ከዚያው አልወጣችም። ባለቤታቸው ስንት ልጅ አላችሁ ሲባሉ «ሁለት ወለድን፣ አንዷን አረምን» ይሉ ነበር።

በመጋዘኑ ውስጥ በነበሩበት በሁለተኛው ዓመት እትዬ ወደዚያ ቁልቁለት ሰፈር ተመለሱ። የሟቿ እናት አርጅተው፣ በአዲስ ግንብ ሥር በአሮጌው ቤታቸው ነበሩ። ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። እትዬ «ያን ጊዜ ዋሽቼዎት ነበር» ብለው ጀመሩ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ሴትየዋ። «በዚያው ሳምንት የጎረቤት ልጅ አንብባልኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? ግንቡ ሲናገር እኔም ሰምቼዋለሁ። ዝም ብለሽ ተኚ ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺ አሥራ ሰባት ሰጠሻት፤ እኔ ምን ሰጠኋት?»

ከዚያ እናትየው ደብተሩን አውጥተው «በይ አሁን በደንብ አንብቢልኝ» አሉ። እትዬ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ፣ ከኅዳጉ ላይ የራሳቸውን ቀይ ጽሑፍ ጨምረው አነበቡላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየው እስኪያርፉ ድረስ እትዬ በየወሩ እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር።

ቅጣታቸውን ሲጨርሱ ወደ ክፍል ተመልሰው እስከ ስድሳ ዓመታቸው አስተማሩ። ወደ ክፍል በተመለሱ በሰባተኛው ዓመት በፈተናው የእርማት መመሪያ መጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨመረ፤ በሰው ሕይወት ላይ አደጋን የሚጠቁም ድርሰት ያጋጠመው አራሚ በዚያው ዕለት እንዲያሳውቅ ያዛል። የእሳቸው ስም የለበትም። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው አምጥቶ ሲያሳያቸው ሁለት ጊዜ አንብበው «ኮማው ቦታው አይደለም» አሉ፤ ወረቀቱን ግን አልመለሱለትም።

ፍርሃታቸው አልለቀቃቸውም። ጡረታ ከወጡም በኋላ ክረምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን እየዞሩ ግንብ ያያሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው የቤት ሥራ ሲጽፉ ከትከሻቸው በላይ ቆመው ያነባሉ። «ማርኩን ተዪው፤ ልጁ ምን አለ?» የምትለው ጥያቄያቸው ዛሬ በብዙ መምህራን አፍ ላይ ትገኛለች።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸው ደክሞ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተዋል። የካቲት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድማቸው ሆስፒታል ሊጠይቃቸው ገባ። እጁን ይዘው «ፈራሁ» አሉት። እሱም ሁላችንም እንደምንለው «አይዞሽ» ሊል አፉን ከፈተ።

«አይዞሽ አትበለኝ» አሉት። «ምን እንደምፈራ ልንገርህና ስማኝ።»

ወንድምየው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። እሳቸውም ነገሩት። ጨለማን እንደሚፈሩ፤ ብቻቸውን መሆንን እንደሚፈሩ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባረሟቸው በሺህ የሚቆጠሩ ወረቀቶች ውስጥ ደክሟቸው፣ ደወል ተደውሎባቸው ሳያነቡት ያለፉት መስመር ይኖር እንደሆነ፣ የዚያ ልጅ ዕጣም ምን እንደሆነ ሳያውቁ መሄድን እንደሚፈሩ። ነርሷ የጥየቃ ሰዓት ማለቁን ሁለት ጊዜ መጥታ ተናገረች፤ አልተነሣም። አንዲትም ቃል ሳይመልስላቸው ሰማቸው። በመጨረሻ «ጨረስኩ» አሉት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ተኙ። የካቲት ሦስት ቀን ንጋት ላይ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት የወለዷቸውንና አንዲት ያሳደጓትን ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን፣ በየሥራውና በየቦታው ያሉ ተማሪዎቻቸውን ጥለውልን አልፈዋል። በሐዘናችን አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ፈጣሪ የእታችንን ነፍስ ፍርሃት በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ እኛንም የፈራ ሰው ሲነግረን እንዲጨርስ የምንጠብቅ ያድርገን። አሜን።